ውሃው ምን ያህል ይሙቅ?

ጉንፋን ሲይዘን ዳማከሴውን በእጃችን አሽተን ጭማቂውን ቡና ላይ ጠብ እናደርጋለን። ጦስኙን በሻይ እንጠጣለን። የቡና ቅጠሉን፣ ቁጢን፣ ግን እሳት ላይ ጥደን ረዘም ላለ ጊዜ እናፈላለን። ሦስቱም ቅጠል ናቸው፤ አሠራራቸው ግን ይለያያል። የምንፈልገው ንጥረ ነገር ምን ዓይነት እንደሆነ ስናውቅ፣ የውሃው ሙቀት ምን ያህል መሆን እንዳለበትም እናውቃለን።

ሙቀት ምን ይሠራል?

ንጥረ ነገሮቹ ያሉት በተክሉ ሴሎች ውስጥ ነው። ውሃው ሲሞቅ የሴሉ ግድግዳ ይላላል፣ ሞለኪውሎቹም ፈጥነው ይወጣሉ። የብዙዎቹ የመሟሟት መጠንም ይጨምራል። ቁጢ ውስጥ የሚገኘውን ካፌይን እንውሰድ፤ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 2 ግራም ያህል ካፌይን ያሟሟል፤ በ100 ዲግሪ ግን 66 ግራም ያህል። ካፌይን በመፍላት ስለማይበላሽ ቁጢን ማፍላት ተገቢ ነው።

ድሬዳዋ ላይ ውሃ ስንት ዲግሪ ላይ ይፈላል?

ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ፣ እዚህ ውሃ የሚፈላው 96 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ 92 አካባቢ። ክፍት ድስት ሥር እሳቱን ብናበዛ ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ ከዚህ አያልፍም።

በእንፋሎት የሚያመልጡት

የጦስኝ ጉልበት ያለው ቲሞልና ካርቫክሮል በሚባሉ በናኝ ዘይቶቹ ውስጥ ነው። ድስቱን ከፍተን ስናፈላ ቤቱን የሚያውደው ሽታ፣ ከኩባያችን የጎደለው ዘይት ነው። ስለዚህ የፈላውን ውሃ ከእሳት አውርደን ጦስኙ ላይ እናፍስስ፣ እንክደነው፣ ለጥቂት ደቂቃ እንታገሠው። ክዳኑ ላይ ያቆረውንም ጠብታ ወደ ኩባያው እንመልስ።

ቀዝቃዛ ውሃ የሚበቃው እንዶድ

በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ናቸውና ግኝቱ ትልቅ ነበር። የደረቀው ፍሬ ተፈጭቶ በቀዝቃዛ ውሃ ሲዘፈዘፍ፣ በራሱ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ሳፖኒን የተባለውን የፍሬውን ንጥረ ነገር ቀንድ አውጣ ወደሚገድለው ዓይነት ይለውጠዋል። ኢንዛይም በሚፈላ ውሃ ይበላሻል፤ ፍሬውን ገና ከጅምሩ ብናፈላው ለውጡ ሳይካሄድ ይቀራል።

ሙቀት የጎዳው የወባ መድኃኒት

በ2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ የተቀሰቀሰውን የወባ ወረርሽኝ ብዙዎቻችን እናስታውሰዋለን። ዛሬ በጤና ጣቢያ የሚሰጠው ዋናው የወባ ክኒን መነሻ አርቴሚሲኒን ነው፤ የሚገኘውም ከአሪቲና ከጭቁኝ ጋር ከሚዛመድ የቻይና ተክል። ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩ ከተክሉ አስተማማኝ ውጤት ማግኘት አቅቷት ነበር። ከዚያ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጌ ሆንግ የጻፈውን የሕክምና መጽሐፍ ስታነብ፣ ተክሉ በውሃ ተዘፍዝፎ እንደሚጨመቅ እንጂ እንደሚፈላ አለመጻፉን አስተዋለች። ሙቀቱ ንጥረ ነገሩን ሳያበላሸው አይቀርም ብላ በ1971 እ.ኤ.አ. በ35 ዲግሪ ገደማ በሚፈላው፣ ኤተር በሚባል ፈሳሽ ሞከረች፤ ተሳካላት። በ2015 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሰጣት።

ይህ ግን ቅጠሉን ቤት ዘፍዝፈን እንጠጣ ማለት አይደለም። አርቴሚሲኒን በውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም የተክሉን ሻይ ለወባ ሕክምና አይመክርም። ትኩሳት ሲይዘን መመርመር፣ የታዘዘውንም ክኒን መጨረስ ነው።

ከመጣዳችን በፊት

ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ የምንፈልገው ነገር በውሃ ይሟሟል? ሙቀት ይችላል? በእንፋሎት ያመልጣል? አራተኛውና ትልቁ ጥያቄ መጠኑ ነው። አብዝቶ ማፍላት የሚጎዳውንም አብሮ ሊያወጣ ይችላል። ለምሳሌ ጤና አዳም በብዛት ሲወሰድ ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው። ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ሕፃን የያዘች ወይም ሌላ መድኃኒት የምትወስድ ሁሉ ኩባያውን ከማንሳቷ በፊት የጤና ባለሙያ ታማክር።