መምሰልና መዘበት

ወንጌላዊው ማቴዎስ በምዕራፍ 27 ከቁጥር 27 ጀምሮ የጲላጦስ ጭፍሮች በጌታ ላይ ያደረጉትን ይነግረናል። ቀይ ልብስ አለበሱት፣ የእሾህ አክሊል ጎንጉነው ደፉበት፣ በቀኝ እጁ መቃ አስያዙት፣ ተንበርክከውም በአይሁድ ንጉሥነት ሰላም አሉት። ረጋ ብለን እንየው። ለንጉሥ ልብሰ መንግሥት፣ ዘውድ፣ በትርና ስግደት ይገባዋል፤ ጭፍሮቹ ሁሉንም አሟልተዋል። ከአፋቸው የወጣውም ቃል እውነት ነበር፤ ፊታቸው የቆመው በእርግጥ ንጉሥ ነውና። ይሁን እንጂ ያ ሁሉ መዘበት ሆኖ ተቆጠረባቸው።

አሁን ወደ ደብረ ብርሃን እንምጣ። በዕለተ ስቅለት ሕዝቡ ነጠላውን አደግድጎ ከጠዋት ጀምሮ በየአጥቢያው ይሰበሰባል። ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ናት፤ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ድንጋይ እስኪረፋፍድ አይሞቅም። ግብረ ሕማማት ይነበባል፣ ኪርያላይሶን ይባላል፣ ጉልበትና ግንባር መሬት ይነካል። ሽማግሌው መቋሚያውን ተደግፎ ይነሣና ደግሞ ይወድቃል። ወደ ማታ ካህኑ በወይራ ቅጠል እየጠበጠበ ተጨማሪ ስግደት ያዝዘዋል። ጭፍሮቹም ተንበረከኩ፣ ይህም ሽማግሌ ተንበረከከ፤ ሰውነታቸው የሠራው ሥራ አንድ ነው። ጭፍሮቹ ግን የሰገዱት የተሰገደለት እንዲዋረድ ነው፤ ሽማግሌው የሚሰግደው ራሱን ሊያዋርድ ነው።

መምሰል በራሱ የተቀደሰ ነገር ነው። ሰው በእግዚአብሔር አርአያና አምሳል ተፈጥሯል (ዘፍ. 1፥26)። ቅዱስ ጳውሎስ የኤፌሶንን ምእመናን እግዚአብሔርን እንዲመስሉ ያዝዛቸዋል (5፥1)፤ የቆሮንቶስ ሰዎችንም እርሱ ክርስቶስን እንደሚመስል እነርሱ እርሱን እንዲመስሉ ይመክራቸዋል (1ኛ ቆሮ. 11፥1)። እግዚአብሔር ወልድም ራሱ እኛን መስሏል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ መቶ ዓመታት የክርስቶስ ሥጋ ምትሐት ነው፣ ሰው መስሎ ታየ እንጂ ሰው አልሆነም የሚሉ መናፍቃን ተነሥተው ነበር። ቤተ ክርስቲያን አወገዘቻቸው። ጌታ የተራበው በእውነት ነው፤ ያለቀሰው በእውነት ነው፤ የሞተውም በእውነት ነው። ከኃጢአት በቀር የእኛን ሁሉ ተሸከመ። የሚያላግጥ ሰው ይህን ሸክም ይሸሻል። የአንካሳውን አረማመድ ይወስዳል፣ ሕመሙን አይወስድም። የተብታባውን አነጋገር ያሰማል፣ ቃሉ ጉሮሮው ላይ ሲቀርበት ያለውን ጭንቀት አያውቀውም። መጽሐፈ ምሳሌ በ17፥5 በድሀ ላይ ማላገጥን ፈጣሪን እንደ መስደብ የሚቆጥረው በዚህ ምክንያት ነው፤ የተነካው የእግዚአብሔር አምሳል ነውና።

በአብነት ትምህርት ቤት ይህ የመምሰልና የማላገጥ ልዩነት በየቀኑ ይታያል። የዜማ ተማሪ ከመሪጌታው እግር ሥር ተቀምጦ ድምፅን ከድምፅ ይቀበላል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማ ምልክቶችን ካዘጋጁ በኋላ እንኳ ምልክቱን ብቻ አይቶ ድጓ የዘለቀ ተማሪ የለም። የመምህሩ ጉሮሮ ያስፈልጋል። ተማሪው ይሞክራል፣ መሪጌታው ያርመዋል፣ ደግሞ ይሞክራል። ከዓመታት በኋላ ሲያዜም ጆሮ ያለው ሰው ዜማው ቤተልሔም ይሁን አጫብር፣ ወይም በዚሁ በሰሜን ሸዋ አገር ስም የሚጠራው ተጉለት፣ ወዲያው ይለየዋል። ማታ ጎጆ ውስጥ ደግሞ የመምህሩን አሳሳልና አረማመድ ለጓደኞቹ እያሳየ የሚያስቅ ተማሪ ይኖራል። ያም ልጅ ጥሩ ጆሮና ጥሩ ዓይን አለው። ጠዋት ድጓውን የተቀበለበትን ስጦታ ማታ መምህሩን ለማሳነስ አዋለው፤ እኔን የሚያሳዝነኝ የስጦታው መባከን ጭምር ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ጨዋታ ሁሉ ኃጢአት ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። የፎገራው ሊቅ አለቃ ገብረ ሐና በጨዋታ አዋቂነታቸው ከጎንደር እስከ ሸዋ ቤተ መንግሥት ስማቸው የተጠራ ነው፤ የተክሌ አቋቋምም ከእርሳቸው የተገኘ ነው። በስማቸው የሚነገረውን ነውረኛ ቀልድ ሁሉ የእርሳቸው ማድረግ ግን ግፍ ነው። በጽዋ ማኅበር እኩያሞች ሲቀላለዱ፣ አንዱ ሲጥል ሌላው ሲመልስ፣ ፍቅር ይጠነክራል።

ብዙ ሰው ግን ስለሚያላግጥበት ሰው «እሱም እኮ ይስቃል» ብሎ ራሱን ያጽናናል። ይህ መለኪያ አይሆንም። ደበሎውን ለብሶ በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ የቆመ የቆሎ ተማሪ ሲተርቡት ይስቃል፤ ቁራሹን ይፈልገዋልና። ስለዚህ የምንጠይቀው ሰውየው ሳቀ ወይስ አልሳቀም ብለን ሳይሆን፣ ሳይፈራ ሊመልስልን ይችል ነበር ወይ ብለን ነው። ምሳሌ 26፥18-19 ባልንጀራውን ጎድቶ መቀለዴ ነው የሚለውን ሰው ፍላጻ ከሚወረውር እብድ ጋር ያስተካክለዋል።

ነቢዩ ኤልያስስ በቀርሜሎስ አላገጠ አይደለም ወይ? አዎን (1ኛ ነገ. 18፥27)። ግን ብቻውን ቆሞ ነው፣ ቤተ መንግሥት በሚቀልባቸው 450 የበኣል ነቢያት ፊት፣ ሕዝቡን ከሐሰተኛ አምላክ ለመመለስ። ደካማ የሆነ ሰው ላይ የምናፌዝ እኛ ኤልያስን ምስክር ልንጠራ አንችልም።

ከአንኮበር ቁልቁል ወርዶ ያለው አልዩ አምባ ደገኛውና ቆለኛው፣ አማራው፣ አርጎባው፣ አፋሩና ኦሮሞው ከጥንት ጀምሮ ሲገበያዩበት የኖረ ቦታ ነው። እንዲህ ባለ ገበያ አንድ ጎረምሳ የቆለኛውን ነጋዴ አማርኛ እየደገመ ጓደኞቹን ሲያስቅ፣ ነጋዴው ዕቃውን ዝም ብሎ ያስተካክላል። ጎረምሳው ያንኑ ሰው የራሱን ቋንቋ ቢጠይቀውና ቃሉን እየተሳሳተ ቢደግምለት ግን ነጋዴው ቀና ብሎ ያርመዋል፣ ሌላም ቃል ይጨምርለታል።

እንዲህ ባለ ፌዝ የበደለ ሰው ለንስሐ አባቱ መናዘዝ ይገባዋል። ከዚያ በፊት ግን ጌታ በማቴ. 5፥23-24 እንዳዘዘ ሄዶ ከወንድሙ ጋር ይታረቅ። ፌዙ በሰው ፊት የተፈጸመ ከሆነ ይቅርታውም የሳቁት ባሉበት ይሁን፤ በስውር የተነገረ ይቅርታ በአደባባይ የተወሰደውን ክብር አይመልስም። ነጋዴው ለገበያ የሚወጣበት ቀን ይታወቃል፤ ያን ቀን ጠብቆ፣ አብረው የሳቁትን ጓደኞች ይዞ መሄድ ነው።