በአነስተኛ ገንዘብ ጥሩ ወይን መምረጥ፤ ለወልቂጤና ለቡታጅራ ጀማሪ ገዢ

መግቢያ

እንደሚታወቀው በአገራችን ጠጅ ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለን የማር ጠጅ ነው። ከወይን ፍሬ የሚሠራውንም «የወይን ጠጅ» ብለን በጠጅ ስም ጠራነው፤ ዛሬ ዛሬ በአጭሩ «ወይን» እንለዋለን። በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ወይን ለብዙው ሰው የዘወትር መጠጥ አይደለም። የሚገዛው ለሠርግ፣ ለምርቃት፣ ወይም ለመስቀል ዘመድ ሲሰባሰብ ነው። በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ የሚገዛ ነገር ደግሞ ችግር አለው። ገዢው ልምድ ስለማይኖረው የሚመራው በዋጋው ብቻ ይሆናል፤ «ውድ ከሆነ ጥሩ ነው» ብሎ ይደመድማል። በግብይት ትምህርት ዋጋን የጥራት ምልክት አድርጎ መውሰድ የምንለው ይህንኑ ነው።

የዚህች አጭር ጽሑፍ ዓላማ ኪሱ ያልሞላ ጀማሪ ገንዘቡ ጠርሙሱ ውስጥ ላለው ወይን እንጂ ለመንገድና ለስም እንዳይወጣበት ማሳየት ነው። የማይጠጣ ሰው ሳይጠጣ እንግዳ ለማስተናገድ ይጠቀምበት ይሆናል። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥ ክልክል መሆኑንም ከወዲሁ ማስታወስ ይገባል።

1. የጠርሙሱ ዋጋ ምንን ይይዛል?

አንድ ጠርሙስ ስንገዛ የምንከፍለው ለወይኑ ብቻ አይደለም። ጠርሙሱ፣ ቡሹ፣ የላዩ ወረቀት፣ መጓጓዣው፣ የአከፋፋዩና የባለሱቁ ትርፍ፣ ኤክሳይዝ ታክስ እና 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ሁሉም እዚያ ውስጥ አሉ። ወይኑ ከውጭ የመጣ ከሆነ የባሕር ጉዞና የጉምሩክ ቀረጥ ይጨመርበታል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የዶላር ዋጋ አለ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. መንግሥት የውጭ ምንዛሪ ከከለከላቸው 38 የዕቃ ዓይነቶች መካከል የአልኮል መጠጥ አንዱ ነበር። ክልከላው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ቢነሣም በዚያው ወር ብር በገበያ እንዲተመን ስለተደረገ የዶላር ዋጋ በጣም ጨመረ።

እንግዲህ የውጭና የአገር ውስጥ ወይን በእኩል ዋጋ ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ ከውጭው ዋጋ ላይ ለወይኑ ራሱ የሚደርሰው ድርሻ አነስተኛ ነው። የውጭው ወይን መጥፎ ነው ለማለት አይደለም። ነገር ግን በአነስተኛ ገንዘብ ለሚጀምር ሰው የአገር ውስጡ ያዋጣል።

2. በአገር ውስጥ ምን አለ?

ሀ) አዋሽ፦ እ.ኤ.አ. በ1943 የተመሠረተ አንጋፋ ፋብሪካ ነው። ከምርቶቹ ጉደር ቀይና ያልጣፈጠ፣ አክሱሚት ቀይና ጣፋጭ፣ አዋሽ ክሪስታል ደግሞ ነጭና ያልጣፈጠ ነው።

ለ) ካስትል፦ የፈረንሳዩ ኩባንያ በዝዋይ (ባቱ) ወይን ተክሎ የመጀመሪያ ምርቱን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። «ሪፍት ቫሊ» የሚለው መስመር እንደ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ ባሉ የወይን ፍሬ ዓይነቶች ስም ይጠራል። «አካሺያ» በሚለው መስመር ደግሞ መጠነኛ ጣፋጭ የሆኑ ይገኙበታል። ልብ በሉ፣ ዝዋይ ከቡታጅራ በስተምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚርቀው። የቡታጅራ ሰው ከባሕር ማዶ የመጣ ወይን ሲፈልግ የወይኑ ማሳ በቅርቡ እንዳለ ይዘነጋዋል።

3. ከዋጋ በፊት ጣዕምን መለየት

ጀማሪውን ብዙ ጊዜ የሚያከስረው ዋጋው ሳይሆን ጣዕሙን አለማወቁ ነው። ብዙዎች «ቀይ ከሆነ ጣፋጭ ነው» ብለው ያስባሉ። ቀለም ግን ጣፋጭነትን አይናገርም፤ ጉደርና አክሱሚት ከአንድ ፋብሪካ ወጥተው ሁለቱም ቀይ ሆነው ጣዕማቸው ለየቅል ነው። ያልጣፈጠውን ገዝቶ፣ አልዋጥ ሲለው ኮካ ወይም ስፕራይት የሚቀላቅል ሰው ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው። ለሱ ከመጀመሪያውም ጣፋጩ ይሻለው ነበር። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «ድራይ» (ያልጣፈጠ)፣ «ሜዲየም ስዊት» (መጠነኛ ጣፋጭ) ወይም «ስዊት» (ጣፋጭ) የሚለውን ማንበብ የመጀመሪያው ሥራ ነው።

ምግቡም ይታሰብበት። ክትፎው ሚጥሚጣው ከበዛ፣ ያልጣፈጠ ኮስታራ ቀይ ወይን ቃጠሎውን ያብሰዋል፤ መጠነኛ ጣፋጩ ግን ያበርደዋል። ሚጥሚጣው ለቀቅ ያለ፣ ቅቤው የበዛ ከሆነ ግን ያልጣፈጠው ቀይ ቅባቱን ያጥባል። ለአይብና ለጎመን ደግሞ ቀዝቀዝ ያለ ነጭ ወይን ይስማማል።

4. ሱቅ ውስጥ ምን እንመልከት?

ሀ) አቀማመጡን፦ ለጌጥ ተብሎ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ጠርሙስ አይገዛም። ብርሃንና ሙቀት ወይንን ያበላሻሉ። ከጥላ ይውጣልን ማለት ነውር አይደለም።

ለ) ቶሎ ቶሎ የሚሸጥበትን ቤት፦ «ወይን ሲቆይ ይጣፍጣል» የሚባለው ለጥቂት ውድ ወይኖች ነው። በአነስተኛ ዋጋ የሚሸጠው አብዛኛው ወይን የተሠራው ቶሎ እንዲጠጣ ስለሆነ፣ አቧራ የለበሰ ጠርሙስ ክብር ሳይሆን ማስጠንቀቂያ ነው።

ሐ) ቡሹን፦ ቡሹ ከጠርሙሱ አፍ ገፍቶ ከወጣ ወይም ወይኑ አፈትልኮ አንገቱ ላይ ከደረቀ ይለፈን።

መ) ሽታውን፦ ተከፍቶ እንደ አቸቶ ወይም እንደ ረጠበ ካርቶን ከሸተተ ተበላሽቷል። ስለዚህ ከምናውቀው ባለሱቅ መግዛትና «ቢበላሽ ትቀይርልኛለህ ወይ?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ይጠቅማል።

5. ሒሳቡ

መደበኛው ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ 150 ሚሊ ሊትር ለሚቀዳበት ብርጭቆ አምስት ይሆናል። ለምሳሌ ዋጋው 1,000 ብር ቢሆን ለአምስት ሰው 200 ብር ይደርሳል። ለዕቁብ እንግዳ ላልሆነ የጉራጌ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። አምስት ጓደኞች በየወሩ አዋጥተው አንድ አንድ ጠርሙስ ቢቀምሱና የወደዱትን በደብተር ቢጽፉ፣ በአምስት ወር አምስት ወይን ያውቃሉ። መስቀል ሲደርስም በግምት አይገዙም። የሠርጉን ሁለት ሦስት ካርቶን ከመግዛት በፊትም አንድ ጠርሙስ ገዝቶ መቅመስ ትልቅ ኪሳራ ያድናል። ካርቶኑን ከአከፋፋይ መጠየቅና ከበዓሉ ግርግር አስቀድሞ መግዛትም አይረሳ።

ሌላው ሒሳብ የአልኮሉ ነው። 12 በመቶ አልኮል ያለው አንድ ጠርሙስ ወይን፣ 5 በመቶ ካለው ባለ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ ከአምስት ጠርሙስ በላይ የሚሆን አልኮል ይይዛል። ስለዚህ አንድ ጠርሙስ ለአንድ ሰው ብዙ ነው። የተረፈውን ቡሹን መልሶ ፍሪጅ ውስጥ ማኖር ለሦስት ቀን ያህል ያቆየዋል።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ እንዳየነው በአነስተኛ ገንዘብ ጥሩ ወይን ማግኘት የዕድል ጉዳይ አይደለም። የራስን ጣዕም ማወቅ፣ ቅርብ የተሠራውን ማስቀደም፣ ከጥላና ቶሎ ከሚሸጥበት ቤት መግዛት፣ ብዙ ከመግዛት በፊት አንድ መቅመስ ነው። እንግዳችንን የሚያስደስተው ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ዋጋ ሳይሆን ብርጭቆው ውስጥ ያለው ነውና፣ ገንዘባችንም ወደዚያው ይሂድ።