በነባር ፍሬም ላይ አዲስ ሌንስ

ጥያቄ፦ በጎብዬ የሚኖሩ አንባቢ ከአባታቸው የቀረላቸውን የመነጽር ፍሬም፣ ሌንሱን ብቻ አስለውጠው ሊጠቀሙበት ይችሉ እንደሆነ ይጠይቃሉ።

መልስ፦ ይቻላል፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ወጪ ለምርመራ መዋል አለበት። በወልድያ ወይም ከደሴ አጠገብ ባለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሊገኝ የሚችለው ማዘዣ የእያንዳንዱን ዓይን የሌንስ ኃይል በዳዮፕተር፣ ማለትም ሌንሱ ብርሃንን የሚሰብርበትን አቅም በሚገልጽ መለኪያ፣ የሚያሰፍር ሲሆን፣ በሁለቱ ብሌኖች መካከል ያለው ርቀትም በሚሊሜትር እንዲጻፍበት መጠየቅ ይገባል፤ የሌንሱ ማእከል ከብሌኑ ትይዩ ካልዋለ፣ በተለይ ኃይሉ ከፍ ያለ ሲሆን፣ ራስ ምታትና የዓይን ድካም ሊከተል ይችላልና። በፍሬሙ ክንድ ላይ እንደ 52፣ 18 እና 140 ያሉ ቁጥሮች ከተገኙ በቅደም ተከተል የሌንሱን ስፋት፣ የአፍንጫ ድልድዩንና የክንዱን ርዝመት በሚሊሜትር ያመለክታሉ። የቆላው ፀሐይ ያደረቀው ፕላስቲክ ሌንስ ሲገጠምለት ሊሰነጠቅ ስለሚችል፣ ብሎኑ ያልዛገ የብረት ፍሬም ይመረጣል። ነባሩ ሌንስ ግን፣ ምንም ጭረት ባይኖረውም፣ ለሌላ ሰው ዓይን የተሠራ ነው። ዕድሜያቸው ከ40 ያለፈና የሚቸገሩት በቅርብ ንባብ ብቻ የሆነ ሰዎች ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ርካሽ የማንበቢያ መነጽር ሊበቃቸው ይችላል፤ እይታው የደበዘዘበት ሰው ግን የዓይን ሞራ ይዞት እንደሆነ፣ ይህን የሚያስወግደው ቀዶ ሕክምና እንጂ መነጽር አይደለም።