ልጁን የሚያውቀው ማን ነው?

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎትና ስለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቀረበ ጥናት



የዚህ ትምህርት መነሻ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የገጠመን ነገር ነው። ከእኛ ከወጣቶቹ ጥቂቶቻችን በአንድ የካቶሊክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለአምስተኛ ክፍል ልጆች የማጠናከሪያ ትምህርት እንሰጣለን። የአማርኛ መምህርታቸው ሲስተር፣ ልጆቹ «አያቴ» በሚል ርእስ አንድ ገጽ ጽፈው እንዲመጡ አዝዘው ነበር። ወረቀቱን ተከፋፍለን ስናርም ሦስቱ እንደ መንታ ተመሳሰሉብን። በሦስቱም ውስጥ አያት ነጭ ፀጉር አላት፤ እሳት ዳር ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች፤ ለልጅ ልጆቿም ብስኩት ትጋግራለች። አንድም የፊደል ግድፈት አልተገኘባቸውም።

ከሦስቱ የአንዷን ልጅ አያት እናውቃቸዋለን። ከትምህርት ቤቱ በር ማዶ ቆሎ የሚሸጡት እማማ ናቸው። ሹራብ ሲሠሩም ሆነ ብስኩት ሲጋግሩ አይተናቸው አናውቅም።

ነገሩን ስንጠይቃት ልጅቱ አልካደችም። ጥያቄውን በታላቅ ወንድሟ ስልክ ለማሽኑ አቅርባ፣ የመለሰላትን በእጇ ገልብጣዋለች። «ይህን ማን አሳየሽ?» ብንላት ወደ እኛ አመለከተች። እውነቷን ነው። ባለፈው ቅዳሜ «ያልገባችሁን ይኸንን ጠይቁት» ብለን በስልካችን ያሳየናቸው እኛው ነበርን። ከዚህም የባሰ ነገር አለ። ሦስቱን ወረቀቶች በመጀመሪያ ንባብ «እጅግ ጥሩ» ብለናቸው ነበር። ስልክ የሌላቸው ልጆች ስለ ገዛ አያቶቻቸው በጻፉት ላይ ግን ቀይ ቀለማችንን አፍስሰን ዝቅ ያለ ውጤት ሰጥተናቸዋል።

ዜሮ እንስጣት ወይስ እንለፋት እያልን ስንከራከር፣ ሲስተር ወረቀቱን አጥፈው ወደ ጎን አኖሩና «አያትሽ ጠዋት ሲነሡ መጀመሪያ ምን ይሠራሉ?» ብለው ጠየቋት። ልጅቱ ጥቂት ዝም አለችና «ገብሱን ትለቅማለች። ዓይኗ ስለ ደከመ ጠጠሩን የማወጣላት እኔ ነኝ» አለች።

«እንግዲያው ይኸንን ጻፊዋ!» አሏት።

«ይኼም ይጻፋል እንዴ?» አለች ልጅቱ።

ይህ ጥያቄ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከልባችን አልወጣም። ስለዚህም ነገሩን በአራት ክፍል ከፍለን እንመለከተዋለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሀ) ማሽኑ የሚያውቀውና የማያውቀው

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ነገር ትናንት የተወለደ አይደለም። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግ «ማሽን ማሰብ ይችላልን?» የሚለውን ጥያቄ አንሥቶ የጻፈው በ1950 ነው። በ1956 ደግሞ በአሜሪካ አገር በዳርትመዝ ኮሌጅ ሊቃውንት በዚሁ ጉዳይ ተሰብስበው መከሩ። ነገሩ በየቤቱ የገባው ግን ቻትጂፒቲ የተባለው ፕሮግራም በኅዳር ወር 2022 ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ ነው።

እንዲህ ያለው ማሽን ሥራው ምንድን ነው ቢሉ፣ ስፍር ቁጥር የሌለው ጽሑፍ ተመግቦ፣ ከተጻፈው ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል መገመት ነው። ግምቱን በግምት ላይ እየቀጠለ ገጹን ይሞላዋል። እንግዲህ «አያት» ብለን ስንጠይቀው ብዙ ሰዎች ብዙ ጊዜ የጻፏትን አያት ያመጣልናል። ከተመገበው ጽሑፍ የሚበዛው እንግሊዝኛ ሲሆን የአማርኛው ድርሻ እጅግ ጥቂት ነው። ከዚህም የተነሣ የፈረንጅ አያት አማርኛ ለብሳ መጣች። እማማን የሚያውቅ ጽሑፍ የለም፤ ስለ እርሳቸው እስካሁን የጻፈ ሰው የለምና። ሊጽፍ የሚችል አንድ ሰው ቢኖር የልጅ ልጃቸው ናት።

ሌላም ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። በ1966 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ያስተምር የነበረው ጆሴፍ ዋይዘንባውም «ኤላይዛ» የተባለ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ለዓለም አስታወቀ። ፕሮግራሙ የሰውን ንግግር መልሶ ወደ ጥያቄ ከመለወጥ በቀር ስለ ሰውየው አንዳች የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ሆኖም የዋይዘንባውም ጸሓፊ ፕሮግራሙ ሲሠራ ስታይ የነበረች ሆና ሳለ፣ ጥቂት ከተነጋገረችው በኋላ እርሱን ከክፍሉ እንዲወጣ እንደ ጠየቀችው ራሱ ተርኳል። የጎለመሰ ሰው እንዲህ ከሆነ፣ የዐሥር ዓመት ልጅ ለጥያቄዋ ሁሉ መልስ የሚሰጣትን ማሽን «ያውቀኛል» ብትል ምን ይደንቃል?

ለ) ከጥንቱ የምንማረው

የካቶሊክ ትምህርት ቤት ታሪክ ሲነሣ ቅዱስ ዮሐንስ ባፕቲስት ደ ላሳልን ማስታወስ ይገባል። በ1651 በፈረንሳይ አገር በሬምስ ከተማ ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለደ። ለድኆች ልጆች የተከፈቱትን ትምህርት ቤቶች ከመርዳት ጀምሮ ኋላ ኑሮውን ከመምህራኑ ጋር አደረገ፤ በ1683 የካቴድራሉን ሹመት ተወ፤ በረኀቡም ዘመን ሀብቱን ለድኆች አከፋፈለ። የመሠረተው የወንድሞች ማኅበር ዛሬ በብዙ አገር ያስተምራል። በአገራችንም የአዲስ አበባው የቅዱስ ዮሴፍ ትምህርት ቤት የዚሁ ማኅበር ነው። በ1950 ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 12ኛ የመምህራን ሁሉ ጠባቂ ብለው ሰይመውታል።

ከሥራው ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅሙ ሦስት ነገሮችን እናንሣ። አንደኛ፣ በዚያ ዘመን ልጆች ንባብ የሚጀምሩት በላቲን ሲሆን፣ እርሱ ግን በሚናገሩት በፈረንሳይኛ እንዲጀምሩ አደረገ። ሁለተኛ፣ መምህራኑ የእያንዳንዱን ልጅ ጠባይ፣ መልካም ጎኑንና ድካሙን በመዝገብ እንዲጽፉ በ1720 በታተመው የትምህርት ቤቶቹ መምሪያ ታዝዟል። ሦስተኛ፣ ከትምህርት የቀሩትን ልጆች ቤታቸው ድረስ ሄደው የሚጠይቁ ተማሪዎች ይመደቡ ነበር።

እነዚህ ሦስቱ በአንድ ሐሳብ ይጠቃለላሉ፤ ይኸውም ልጁን ከማስተማር በፊት ማወቅ ያስፈልጋል የሚል ነው። ሲስተር ልጅቱን ያንን ጥያቄ ሊጠይቋት የቻሉት ስለሚያውቋት ነው። ጠዋት ጠዋት በበሩ ሲያልፉ ለእማማ «እንደምን አደሩ» ስለሚሏቸውም ነው።

ሐ) የቤተ ክርስቲያኒቱ ሐሳብ

በጃንዋሪ 28 ቀን 2025 ከቫቲካን ሁለት ጽሕፈት ቤቶች ስለዚሁ ጉዳይ «አንቲኳ ኤት ኖቫ» የተባለ ሰነድ አወጡ፤ ትርጓሜውም «አሮጌውና አዲሱ» ማለት ነው። ሰነዱ ማሽኑን አያወግዝም። በማስተዋል ከተሠራበት ለትምህርት ጠቃሚ መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል ይናገራል። ነገር ግን የመምህር በአካል መገኘት ማሽን ሊተካው የማይችል መሆኑን ያስረዳል። ተማሪው ራሱ ወደ መልሱ እንዲደርስ ከመምራት ይልቅ መልሱን ብቻ የሚሰጡ ፕሮግራሞች እንዳሉም ያስጠነቅቃል።

በሜይ 2025 የተመረጡት ር.ሊ.ጳ. ሊዮ 14ኛም ስማቸውን የመረጡበትን ምክንያት ለካርዲናሎች ሲገልጹ ይህንኑ ጉዳይ አንሥተዋል። ሊዮ 13ኛ በ1891 ስለ ፋብሪካ ሠራተኞች መብት እንደ ጻፉ ሁሉ፣ ዛሬም ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሰው ክብር፣ በፍትሕና በሥራ ላይ አዲስ ጥያቄ አምጥቷል ብለዋል።

መ) እንግዲህ ምን እናድርግ?

ስልክን ሁሉ ሰብስቦ መቆለፍ ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ ልጆቹ ነገ የሚኖሩት ከማሽኑ ጋር ስለ ሆነ መከልከል ብቻ አይበቃም። እኛም ለዩኒቨርሲቲ ሥራችን እየተጠቀምንበት ልጆቹን «አትንኩት» ብንል አፋችንና እጃችን አይስማሙም። ስለዚህ ከሲስተርና ከወላጆች ጋር ተመካክረን የሚከተለውን ተስማምተናል።

1. ልጅ አስቀድሞ በራሱ እጅ ይጽፋል፤ የጻፈውንም በቃሉ ያስረዳል።

2. የቻትጂፒቲ ባለቤቶች ራሳቸው ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳልተፈቀደ ደንግገዋል። ስለዚህ የአንደኛ ደረጃ ልጅ ብቻውን እንዲጠይቀው አይተውም። መምህሩ በክፍል ፊት ጠይቆ፣ መልሱን ከልጆቹ ጋር ይመረምራል፤ ስሕተቱንም አብረው ይፈልጋሉ።

3. መምህር ለመልመጃ ዝግጅት ቢጠቀምበት መልካም ነው። ማየት ለተሳነው ልጅም ጽሑፍ የሚያነብለት መሣሪያ ትልቅ ረዳት ነው።

4. የልጆች ስም፣ ፎቶግራፍና የቤተሰብ ምስጢር ለማሽኑ አይሰጥም።

5. አራሚው በመጀመሪያ ልጁ ያየውንና የኖረውን ይፈልግ፤ የፊደል ግድፈት ከዚያ በኋላ ይታረማል። ይህ አምስተኛው በተለይ ለእኛ የተጻፈ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጅቱ አዲሱን ወረቀቷን አመጣች። ግማሽ ገጽ ነው፤ ዐሥራ አንድ ግድፈት ቆጥረንበታል። አያቷ ቆሎውን በጣሳ ሲሰፍሩ ለትንንሾቹ ልጆች ጥቂት እንደሚጨምሩላቸው፣ ማታም እጃቸው የገብስ ሽታ እንደሚሸት ጽፋለች። በክፍሉ ውስጥ ስታነበው ከልጆቹ አንዱ «እኔም ተጨምሮልኛል!» ብሎ ጮኸ። ቀዩን ብዕር አስቀምጠን አዳመጥናት። ሌሎቹንም ወረቀቶች መልሰን ሰብስበን እንደገና አርመናል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ልጅቱ «ይኼም ይጻፋል እንዴ?» ያለችው ለምን ይመስላችኋል? እንዲህ እንድታስብ ያደረጋት ማሽኑ ብቻ ነውን?

2. በአካባቢያችሁ ስለ እርሳቸው ምንም ያልተጻፈ፣ ሊጻፍላቸው የሚገባ ሰው ማን ናቸው?

3. እናንተ ራሳችሁ ማሽኑን የምትጠቀሙበት ለምንድን ነው? ለታናናሾቻችሁ ልትነግሯቸው የምታፍሩበት አጠቃቀም አለን?

4. የምታስተምሯቸውን ልጆች የእያንዳንዳቸውን አንድ መልካም ጠባይ ስም እየጠራችሁ መናገር ትችላላችሁን?