ሥጋም ሞራም የሌለበት የፓይ መሙያ አዘገጃጀት

በእንግሊዝ አገር ባሉ አጥቢያዎች የታኅሣሥ ወር ሲደርስ ለካህናት የምትቀርብ፣ ትንሽ የምትመስል ጥያቄ አለች። ምእመናን በሥራ ቦታቸውና በጎረቤት ቤት «ሚንስ ፓይ» የሚባል፣ በስስ ሊጥ ውስጥ ፍራፍሬ ተሞልቶ የተጋገረ ጣፋጭ ይቀርብላቸዋል፤ አቅራቢዎቹም «ሥጋ የለበትም» ይሏቸዋል። የምዕራባውያን የልደት በዓል በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 16 ቀን ስለሚውል፣ ኅዳር 15 ቀን የገባው ጾመ ነቢያት ገና አልተፈታም። ታዲያ ይበላል ወይስ አይበላም?

የመሙያው ስም «ሚንስሚት» ነው፤ በቀጥታ ሲተረጎም የተከተፈ ሥጋ እንደ ማለት ነው፤ በጥንቱ እንግሊዝኛ ግን ሁለተኛው ቃል ምግብን በጠቅላላው ይመለከት ነበር። ያም ሆኖ በቀደሙት ዘመናት በእርግጥ ሥጋ ነበረበት፤ የበግ ወይም የበሬ ሥጋ ከሞራ፣ ከዘቢብና ከቅመም ጋር ተከትፎ ይዘጋጅ ነበር። ኢዛቤላ ቢተን እ.ኤ.አ. በ1861 ባሳተመችው የቤት አያያዝ መጽሐፍ ሁለቱም ዓይነት ይገኛሉ። አንደኛው የበሬ ሥጋ የገባበት ነው፤ በሌላው ሥጋው ቀርቶ ሎሚና ፖም ገብተውበታል። ሞራው ግን በሁለቱም ውስጥ አለ።

ለእኛ ቁም ነገሩ ይህ ነው። ሥጋው ከቀረ በኋላም የከብት ኩላሊት ዙሪያ ሞራ በመሙያው ውስጥ ቆይቷል። ቅርፊቱ በቅቤ፣ አንዳንዴም በአሳማ ስብ ይለወሳል፤ ላዩም እንዲያብረቀርቅ እንቁላል ይቀባል። ዛሬ በሞራ ፈንታ የአትክልት ስብ የገባበት መሙያ በየሱቁ ይሸጣል፤ ይሁን እንጂ መሙያው የጾም ሆኖ ቅርፊቱ የፍስክ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሁለቱም ይዘት ሳይነበብ መልስ መስጠት አይገባም። ከዚህ ሁሉ ጥርጣሬ የሚያሳርፈው በአጥቢያው ማድ ቤት ራስን ችሎ ማዘጋጀት ነው፤ ሥራውም ከባድ አይደለም።

አንድ ኪሎ ኮምጠጥ ያለ ፖም ልጦና ፍሬውን አውጥቶ በደቃቁ መክተፍ። በዚህ ላይ 750 ግራም ዘቢብ፣ 200 ግራም ተከትፎ ፍሬው የወጣ ቴምር፣ 400 ግራም ቡናማ ስኳር፣ የ2 ብርቱካንና የ2 ሎሚ ጭማቂ ከተፈቀፈቀ ልጣጫቸው ጋር፣ እንዲሁም አንድ ብርጭቆ ውኃ ይጨመራል። የሎሚና የብርቱካኑ ነጭ ክፍል ስለሚመር የላይኛውን ቀለም ብቻ መፈቅፈቅ ነው። ቅመሙ 2 የሻይ ማንኪያ ቀረፋ፣ አንድ ዝንጅብል፣ አንድ ገውዝ፣ ግማሽ ቅርንፉድ ነው፤ ቅርንፉድ ከበዛ ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል። ለቅዳሴ የተቀመጠ ዘቢብ ለዚህ አይነካም፤ ለማድ ቤቱ ለብቻው ይገዛ።

ድብልቁ በረጋ እሳት ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል እየተማሰለ ይበስላል። ማንኪያ በመካከሉ ሲሳብ ድስቱ ለአፍታ ታይቶ የሚሸፈን ከሆነ ደርሷል። ዘይት አያሻውም፤ የሞራው ሥራ ማለስለስና ማወዛት ነበር፤ በስሎ የሟሟው ፖም ይህንኑ ይሠራል። የመከር መጨረሻ ላይ ሳይበስል የቀረ አረንጓዴ ቲማቲም ያላቸው የአሜሪካ ባለሙያዎች ከፖሙ ግማሹን በእርሱ ይተኩታል፤ ይህም የቆየ ልማድ ነው። በአገር ቤት ለሚሞክሩት ደግሞ የጨንቻ ፖም ይስማማል።

እንዳይበላሽ የሚጠብቀው ስኳሩና የሎሚው ኮምጣጣነት ነው፤ ስለሆነም ጣፋጭነቱ በዛ ብሎ ስኳሩን በግማሽ የሚቀንስ ሰው የመቆያ ጊዜውንም እንደሚቀንስ ይወቅ። የማርማላታ ጠርሙሶች ከነክዳናቸው ታጥበው፣ ጠርሙሶቹ ለ10 ደቂቃ በፈላ ውኃ ተቀቅለው፣ መሙያው ትኩስ እንደሆነ ይሞላባቸዋል። ከላይ በተጻፈው መጠን ወደ 5 ጠርሙስ ይወጣል። በማቀዝቀዣ ውስጥ እስከ አንድ ወር፣ በፍሪዘር ውስጥ ደግሞ እስከ 6 ወር ማቆየት ይቻላል፤ ፍሪዘር የሚገባው ግን በጠርሙስ ሳይሆን በላስቲክ ዕቃ ይሁን። ሻጋታ የታየበት ጠርሙስ ላዩን ገፍፎ መጠቀም አይገባም፤ እንዳለ ይጣል።

ለቅርፊቱ 500 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ 200 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ 120 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውኃና ቁንጥር ጨው ይበቃሉ። ሊጡ ብዙ ከታሸ ይጠነክራል፤ እንደ ተያያዘ ማቆም ነው። ተዳምጦ፣ በክብ ተቆርጦ፣ በእያንዳንዱ አንድ የሾርባ ማንኪያ ተሞልቶ፣ ክዳኑ በሹካ ተወግቶ፣ በእንቁላል ፈንታ ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ ተቀብቶ በ200 ዲግሪ ለ25 ደቂቃ ያህል ይጋገራል።

ሰበካ ጉባኤው ለአዳራሽ ወይም ለሰንበት ትምህርት ቤት ገቢ ማሰባሰቢያ ሊሸጠው ካሰበ፣ ታሽጎ የሚቀርበው ፓይ የይዘቱ ዝርዝር በሙሉ ሊጻፍበት ይገባል። የእንግሊዝ ሕግ አለርጂ አምጪ ብሎ የለያቸው 14 ዓይነት ምግቦች አሉ፤ ከእነርሱ ስንዴ እዚህ በእርግጥ አለ፤ ለውዝ የጨመረም ያንኑ ይጻፍ። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው በደረቅ ፍራፍሬ ላይ የሚረጨው የድኝ መጠበቂያ ነው፤ ዘቢቡ የተገዛበት ከረጢት ላይ ስለሚጻፍ ከረጢቱ ሳይታይ አይጣል። ከዝርዝሩ በላይ «የጾም» የሚለው ቃል በአማርኛም በእንግሊዝኛም ቢታተም፣ በዕለቱ ከደጅ የቆሙት አገልጋዮች ለእያንዳንዱ ገዢ ደጋግመው ከማስረዳት ያርፋሉ።