ስብራቱ ከተጠገነ በኋላ

አብነት ሰፈር ውስጥ አንዲት የ58 ዓመት እናት ሌሊት ወደ ጋራ ሽንት ቤት ሲወጡ እርጥቡ ደረጃ አዳለጣቸው እንበል። በመዳፋቸው መሬቱን መከቱና አንጓቸው ተሰበረ። ወጌሻም ይሁን ሐኪም አጥንቱን ይመልሳል፣ ጎረቤት «እግዜር ይማርዎ» እያለ ይጠይቃል፣ ፋሻው ሲፈታ ነገሩ ይዘጋል። እኔ የምሟገተው እዚህ ላይ ነው። ቆሞ የነበረ ሰው በገዛ ቁመቱ ልክ ወድቆ ሲሰበር ጥፋቱን ሁሉ በደረጃው ላይ መጣል አይበቃም። አጥንት ሲሳሳ አያምም፤ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ምልክት ስብራቱ ራሱ ነው።

አጥንት ሕያው ነው። የጭቃ ቤት ምርጊት እየተፋቀ እንደሚለሰን፣ አሮጌው አጥንት እየፈረሰ አዲስ ይተካል። እስከ 30 ዓመት ገደማ ግንባታው ይበልጣል፤ ከዚያ ፍርሰቱ ቀስ በቀስ ይቀድማል። ሴት ስታርጥ ኢስትሮጅን ስለሚቀንስ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ካረጠች በኋላ ባሉት ከ5 እስከ 7 ዓመታት ከአጥንቷ እስከ 20 በመቶ ሊጠፋ ይችላል። ለአስም ወይም ለመገጣጠሚያ ሕመም ፕሬድኒሶሎን ለ3 ወርና ከዚያ በላይ የሚወስድ ሰው፣ ወንድም ቢሆን፣ መድኃኒቱ አጥንትን ስለሚያሳሳ ይህን ለሐኪሙ ማንሳት አለበት። መድኃኒቱን ግን በራሱ አያቋርጥ።

ዴክሳ የሚባለው ምርመራ የአጥንትን ጥግግት ከጤነኛ ወጣት ጋር ያነጻጽራል፤ ውጤቱ ከ-1 እስከ -2.5 ሲሆን ዝቅተኛ፣ -2.5 እና ከዚያ በታች የአጥንት መሳሳት ይባላል። መሣሪያው በየጤና ጣቢያው አይገኝም። ስለዚህ ዕድሜ፣ የቀድሞ ስብራትና የቁመት ማጠር ለሐኪም ብዙ ይናገራሉ፤ የተሰበረች እናት ውጤቷ -1.8 ስለሆነ ብቻ «ደህና ነሽ» አትባልም።

በቀን የሚያስፈልገው ካልሲየም ከ1,000 እስከ 1,200 ሚሊግራም ነው። በጾም ወተት ሲቀር ጤፍ፣ ዳጉሳና ሰሊጥ ይረዳሉ። ጎመን ከቆስጣ ይሻላል፤ የቆስጣው ካልሲየም በኦክሳሌት ስለሚያዝ ሰውነት እምብዛም አያገኘውም። ፀሐይ ባለበት አገር ቫይታሚን ዲ አይጎድልም ማለት ስህተት ነው፤ በአዳማ ዙሪያ በተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት እጥረቱን ያገኘው ከገጠሮቹ ይልቅ በከተሜዎቹ ላይ በርትቶ ነበር። ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውሉ አረጋውያንም ፀሐዩን እምብዛም አያገኙትም። ደረጃ መውጣትና ፈጠን ብሎ መራመድ አጥንትን ያበረታል፤ የሌሊት መብራትና የደረጃ መያዣ ደግሞ አንዳንዴ ከክኒን በፊት ይመጣሉ።

ክኒን ካስፈለገ በብዛት የሚታዘዘው አለንድሮኔት ነው፣ 70 ሚሊግራም በሳምንት አንድ ጊዜ። የኩላሊት ወይም የጉሮሮ ችግር ያለበት አስቀድሞ ይናገር። ጠዋት በባዶ ሆድ በአንድ ብርጭቆ ሙሉ ውኃ ይዋጣል፤ ለ30 ደቂቃ መተኛትም ቡና መጠጣትም የለም፤ መተኛቱ ጉሮሮን ያቆስላል፣ ከቡና ጋር ደግሞ መድኃኒቱ ወደ ደም በሚገባ አይገባም። ውኃ ጾም የሚያፈርስባቸው የኦርቶዶክስ ምዕመናን ቀኑን ቅዳሜ ቢያደርጉት ይቀላቸዋል።