ክረምቱ በኅዳር ነው፤ የጓሮ አትክልት በራማት ቬርበር ከሱኮት እስከ ኤሉል



በዚህ ዕትም ትምህርታችን ስለ ጓሮ አትክልት ነው። ለእናንተ ስለ ዘርና ስለ አፈር ማስተማር ለዓሣ ዋና እንደ ማስተማር እንደሆነ እናውቃለን። ብዙዎቻችሁ በጎንደር፣ በወገራ፣ በሰሜን፣ በደምቢያ ሞፈር ጨብጣችሁ፣ አረም ነቅላችሁ ያደጋችሁ ናችሁ። ታዲያ ለምንድን ነው ቤት ለቤት ስንዞር ባዶ ማሰሮ በሚርፔሴቱ ላይ ተደፍቶ የምናየው? ስንጠይቅ መልሱ ተመሳሳይ ነው፦ «ተክዬ ነበር፣ ደረቀ። የዚህ አገር መሬት እኔን አይሰማኝም።»

መሬቱ ይሰማል። የተገለበጠው ወቅቱ ነው።

አገር ቤት ዝናቡ በሰኔ ይጀምራል፣ በሐምሌና በነሐሴ ይጠነክራል፣ በመስከረም ይወጣል። ሰው ሁሉ ሰኔን ጠብቆ ይዘራል። እዚህ በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ጠብታ አይወርድም። ዝናቡ የሚጀምረው ከሱኮት በኋላ ነው፤ በታኅሣሥና በጥር ይበረታል፣ ፋሲካ ሲደርስ ያበቃል። ስለዚህ «ክረምት» የምንለው ቃል እንኳን እዚህ ቦታውን ቀይሯል። እኔ ራሴ በመጀመሪያው ዓመት በለመድኩት በሰኔ ጎመን ዘርቼ፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ የተረፈኝ ደረቅ አፈር ብቻ ነበር። ጎረቤቴ የነበሩ አንድ አባት እያዩኝ ዝም አሉ፤ በኋላ «እኔም እንደዚህ ነው የተማርኩት» አሉኝ።

ሁለተኛው ልዩነት ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነው፤ የቀኑ ርዝመት። ጎንደር ላይ ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙ አይርቅም። እዚህ በታኅሣሥ 10 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፣ በሰኔ ግን ከ14 ሰዓት ያልፋል። አንዳንድ ተክል የሚያብበው የቀኑን ርዝመት ቆጥሮ ነው። የአገር ቤት ማሽላ እዚህ የዘራ ሰው፣ ማሽላው ከሰው በላይ ረዝሞ ዛላ ሳያወጣ ሲቀር ይገረማል። አፈሩም ዘሩም አልተበላሸም፤ ማሽላው ቀኑ እስኪያጥር እየጠበቀ ነው። ማሽላ ለመብላት ሳይሆን አገዳውን ለልጅ ልጆች ለማሳየት ከሆነ ዝሩት፣ ደስ ይላል።

ስለ አፈሩም አንድ ቃል። ፔታሕ ቲክቫ በ1878 ስትመሠረት የገበሬዎች መንደር ነበረች፤ «የሞሻቫዎች እናት» የምትባለውም ለዚህ ነው። የፎቁ ቤት ከመሠራቱ በፊት በዚህ አካባቢ ብርቱካን ይለማ ነበር። ቀዩን አሸዋማ አፈር ሐምራ ይሉታል። እንደ ደምቢያ ጥቁር አፈር ውሃ አይዝም፤ ቶሎ ያሳልፋል፣ ፍግም ይወዳል። መሬት ላይ የምትተክሉ ከሆነ ኮምፖስት አብዝታችሁ ደባልቁ። ከፎቁ ፊት ያለው መሬት ግን የሁሉም ነዋሪ ነውና ከመቆፈራችሁ በፊት ቫአድ ባይቱን ጠይቁ። ከሥሩ የውሃ ቧንቧና የመብራት ገመድ ሊኖር ይችላል። ትልቅ ዛፍ ያለ ፈቃድ መቁረጥም በሕግ ያስቀጣል።

ከሱኮት በኋላ፦ ዋናው የዘር ጊዜ

ለእኛ ምግብ የሚሆነው አብዛኛው አትክልት የሚተከለው አሁን ነው። ሙቀቱ ይበርዳል፣ የመጀመሪያው ዝናብ ይመጣል፣ ሰማዩ ራሱ ያጠጣል። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ስግድ ድረስ ያለውን ጊዜ አታሳልፉት።

የሐበሻ ጎመን ለጀማሪም አይከብድም። ዘሩን በስሱ በትኑ፣ ሲበቅል አሳሱት፣ በእያንዳንዱ መካከል አንድ ስንዝር ተኩል ይኑር። ማሰሮ ላይ ከሆነ 25 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይበቃዋል። ከታች ያለውን ቅጠል እየቀነጠሳችሁ ብሉ እንጂ ከሥሩ አትንቀሉት፤ እስከ መጋቢት ይሰጣችኋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥብቅ እንንገራችሁ። ለደም ማቅጠኛ ኩማዲን የምትወስዱ ሰዎች፣ ጎመን መድኃኒቱን ይቃወማል። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ ደም እንዲረጋ የሚያደርግ ነው። አትብሉ ማለት አይደለም። አንድ ሳምንት ምንም ሳትበሉ በሚቀጥለው ሳምንት ጓሮው ስለደረሰ በየቀኑ መብላት ነው አደጋው። መጠኑ ከሳምንት ሳምንት እኩል ይሁን፤ የጓሮ ጎመን መብላት ስትጀምሩም በኩፓት ሆሊም ላለችው ነርስ ወይም ለሐኪሙ ንገሩ፣ የደም ምርመራውን በዚያ ልክ ያዩታል።

ነጭ ሽንኩርት በጥቅምት ይተከላል። ፍንካቹን ለያዩ፣ ሹሉ ወደ ላይ፣ ሁለት ጣት ጥልቀት፣ አንድ እጅ ርቀት። ለዘር የአገሩን ሽንኩርት ፈልጉ፤ ከውጭ የመጣው አንዳንዱ እንዳይበቅል የተደረገ ነው። ባቄላም ጊዜው ይኸው ነው። ድንብላልና ፌጦ በአንድ ትንሽ አዳኒት ውስጥ እንኳን ይበቅላሉ። በሚሽታላ ስትጠይቁ ድንብላል «ኩስባራ»፣ ፌጦ «ሻሐላይም»፣ በሶብላ «ረሐን»፣ ጤና አዳም «ፔጋም» ወይም «ሩታ» በሉ፤ ይገባቸዋል።

ከሐኑካ እስከ ቱ ቢሽቫት

ሥራው ጥቂት ነው። አረሙን ዝናብ ባራሰው ማግሥት ንቀሉ፣ ያኔ ሥሩ በቀላሉ ይወጣል። ቀንድ አውጣውን በማለዳ በእጅ ልቀሙ። የጎመን ቅጠል ጀርባ ላይ ትንንሽ አረንጓዴ ነፍሳት ካያችሁ፣ በውሃ ኃይል እጠቡት፤ መርጫ መግዛት አያስፈልግም። ማሰሮው ውስጥ ውሃ እንዳይቋጥር ከታች ያለው ቀዳዳ ክፍት መሆኑን እዩ።

የፀሐዩን ነገርም በዚህ ጊዜ ነው የምታዩት። አገር ቤት ፀሐይ አናት ላይ ናት። እዚህ በክረምት ዝቅ ብላ በደቡብ በኩል ታልፋለች። ሚርፔሴታችሁ ወደ ሰሜን ከሆነ በታኅሣሥ ፀሐይ አያገኝም ማለት ይቻላል፤ እዚያ ቃሪያ መመኘት ድካም ነው፣ ናናና ድንብላል ግን ይሞክሩታል።

በጥር መጨረሻ፣ ቱ ቢሽቫት አካባቢ፣ የበርበሬና የቃሪያ ዘር በእርጎ ኩባያ ውስጥ ዝሩና ቤት ውስጥ መስኮት አጠገብ አስቀምጡ። ኩባያውን ከታች ብሱት። ለመብቀል ሙቀት ይፈልጋልና ሁለት ሦስት ሳምንት ቢዘገይ ተስፋ አትቁረጡ።

የፍሬ ዛፍ፣ ሮማንም ሆነ ሎሚ፣ ለሚተክል ሰው የዖርላ ሕግ መኖሩን አስታውሱ፤ በኦሪት ዘሌዋውያን 19፥23 እንደተጻፈው የመጀመሪያው ሦስት ዓመት ፍሬ አይበላም። የሚቀጥለው የሽሚታ ዓመት በ2028 መስከረም ይገባል። ስለ ማሰሮና ስለ ሚርፔሴት ያለውን ዝርዝር ቄሳችሁን ወይም ረቢውን ጠይቁ፤ ይህ የእኛ ክፍል ሥራ አይደለም።

ከፑሪም እስከ ሻቩዖት

በመጋቢት አጋማሽ ችግኞቹ አንድ ስንዝር ሲሞሉ ወደ ውጭ ይወጣሉ። በአንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ ቀን አንድ ሰዓት፣ በማግሥቱ ሁለት ሰዓት እያላችሁ ሳምንት ሙሉ ፀሐይ አለማምዷቸው። ለአንድ የቃሪያ ተክል 10 ሊትር፣ ለቲማቲም 20 ሊትር ማሰሮ ይበቃል። 20 ሊትሩ ውሃ ሲጠግብ ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ስለዚህ ወንዶች ልጆቻችሁ መጥተው ከመትከላችሁ በፊት ቦታው ላይ ያስቀምጡት፣ በኋላ አትጎትቱት። በሚርፔሴቱ ብረት ውጭ በኩል ምንም ማሰሮ አትስቀሉ። ከሥር ልጆች ይጫወታሉ።

በሶብላውም አሁን ነው። ዱባ መሬት ላላቸው ብቻ ነው፤ ሐረጉ ጎረቤት ቤት ይገባል።

ጤና አዳም በዘርም በቅርንጫፍም ይይዛል፣ ፀሐይ ይወዳል፣ ውሃ ሲበዛበት ይሞታል። ለቡናችን ሳይሆን አይቀርም ሁላችሁም የምትጠይቁት። ሁለት ጥንቃቄ አለው። ፈሳሹ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ እሳት ያቆስላል፤ አመሻሽ ላይ ጓንት አድርጋችሁ ቁረጡ፣ እጃችሁን ታጠቡ። ለነፍሰ ጡር ልጆቻችሁም በሻይም በቡናም አትስጡ።

በሚያዝያና በግንቦት ሐምሲን ይመጣል። ከምድረ በዳ የሚነፍሰው ደረቅ ትኩስ ነፋስ አዲስ ችግኝ በአንድ ቀን ያከስላል። ራዲዮው «ሻራቭ» ሲል በዋዜማው በደንብ አጠጡ፣ በአሮጌ ነጠላም ቢሆን አጥሉባቸው።

ነጭ ሽንኩርቱ በሚያዝያ መጨረሻ ቅጠሉ ሲቢጫ ይነቀላል። ከዚያ ሳምንት በፊት ውሃ አቁሙ። ከነግንዱ ጎንጉናችሁ ጥላ ውስጥ ስቀሉ።

የሙቀቱ ወራት

አሁን ሁሉም ነገር ውሃ ነው። መሬት ላይ ያለ ተክል በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ጠልቆ ይጠጣ፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ብታጠጡት ሥሩ ላይ ላዩን ይቀራል። ማሰሮ ግን በየቀኑ ይፈልጋል። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገቡ፤ እርጥብ ከሆነ ተዉት። አፈሩን በደረቅ ሣር ወይም በገለባ ሸፍኑ።

ቲፍቱፎት የሚሉትን የጠብታ ማጠጫ ከቻላችሁ አስገቡ። ነገሩ የተገኘው እዚሁ አገር ነው። ሲምሐ ብላስ የሚባል የውሃ መሐንዲስ አንድ ዛፍ ከሌሎቹ በልጦ ሲያድግ አየ፤ ምክንያቱን ሲመረምር ከሥሩ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ አገኘ። ከዓመታት በኋላ በ1965 ከኪቡትስ ሐጸሪም ጋር ሆኖ ኔታፊም የተባለው ድርጅት ተመሠረተ፣ ዛሬ በመላው ዓለም ይታወቃል። ለአንድ ሚርፔሴት ትንሽ ቱቦና አንድ ሰዓት ቆጣሪ ይበቃል፤ የውሃ ሒሳባችሁንም ወገባችሁንም ያድናል።

ከማሰሮው ሥር ያለው ሳህን ግን ዋና ጉዳያችን ነው። በ2024 የሙቀት ወራት በአገሪቱ መካከለኛ ክፍል የምዕራብ ናይል ትኩሳት ተዛምቶ ሰዎች ሞተዋል፤ በጣም የተጎዱት በዕድሜ የገፉ ነበሩ። በሽታውን የምታስተላልፈው ቢምቢ ናት፣ ቢምቢም የምትፈለፈለው በቆመ ውሃ ነው። በሙቀት ከእንቁላል እስከ መብረር ሳምንት ገደማ ይበቃታል። ስለዚህ ሳህኑን፣ ባልዲውን፣ የማዝጋን ውሃ የሚጠራቀምበትን ጄሪካን ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን ድፉ። ዓርብ ከሰንበት በፊት ቤት ስታጸዱ አብሮ ቢሆን አይረሳም። የማዝጋኑን ውሃ ለአበባ ስጡት፣ ለሚበላ አትክልት አይሁን።

ስለ ራሳችሁስ? ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት ወይም ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ብቻ ሥሩ። በመካከል ያለው ፀሐይ የተክሉም የሰውም ጠላት ነው። የደም ግፊት መድኃኒት፣ በተለይ የሚያሸና ክኒን የምትወስዱ፣ ሰውነታችሁ ውሃ ቶሎ ያጣል፤ ጥም እስኪሰማችሁ አትጠብቁ። ማሰሮውን በብሎኬት ከፍ አድርጋችሁ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ሥሩ። ራስ ከዞረ፣ ላብ ከቆመ፣ ልብ ከመታ ወዲያው ወደ ጥላ ገብታችሁ ሰው ጥሩ፤ ካልተሻላችሁ 101 ደውሉ።

በሐምሌና በነሐሴ በርበሬው ይቀላል። ለማድረቅ የዚህ አገር ፀሐይ ምቹ ነው፤ ነገር ግን የባሕሩ እርጥበት ሌሊት ይመልሰዋል። ማታ ማታ ወደ ቤት አስገቡ። የሻገተውን አንዱን እንኳን ከሌላው ጋር አትውቀጡ። ሻጋታው የሚያወጣው መርዝ በማቁላላት አይጠፋም፣ ጉበት ይጎዳል። እጅ ቢያሳዝንም ጣሉት።

ኤሉል፦ ዘር መያዝ

ከጠነከረው ተክል፣ ከበሰለው ፍሬ ዘር አውጡ። ከሚሽታላ የተገዛ ድቅል ዘር ከሆነ በሚቀጥለው ዓመት እናቱን አይመስልም፤ የአገር ቤት ዘር ግን ይመስላል። ከኢትዮጵያ ዘመድ ሲመጣ ዘር ወይም ችግኝ በሻንጣ ማምጣት ግን ያለ ግብርና ሚኒስቴር ፈቃድ ክልክል ነው፤ አብሮ የሚመጣ ነፍሳትና በሽታ አለና። ስለዚህ እዚህ ያለውን ዘር መጠበቅና መካፈል ነው የሚያዋጣው። በቤር ሼቫ በካሊሸር የመቀበያ ማእከል የኛ ሰዎች በጋራ ባለሙት የከተማ እርሻ የአገር ቤት አትክልት አብቅለዋል።

ዘሩን በደንብ አድርቃችሁ በወረቀት ፖስታ አስቀምጡ፣ በፕላስቲክ አይሁን። ፖስታው ላይ ስሙንና የተያዘበትን ዓመት የልጅ ልጃችሁ ትጻፍ፤ በአማርኛም በዕብራይስጥም። ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ አኑሩት፤ ከሱኮት በኋላ ባለው ሳምንት ጎመኑን ቅድሚያ አውጡ።